ኩቢዝም የማን ነው? የአንድ ክር ሃያ አራት ምላሾች

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክሩን (ተከታታይ ውይይቱን) የከፈተው ሰው የጠየቀው ጥያቄ የለም፤ ያቀረበው ፍርድ ነው። ኩቢዝም የተባለው የሥዕል እንቅስቃሴ የስፔናዊው ሠዓሊ የፓብሎ ፒካሶ የብቻ ፈጠራ መሆኑን፣ አዲሱ አሳሳል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 «የአቪኞ ሴቶች» የተባለው ሥዕል በተሳለ ጊዜ መሆኑን፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ብራክም ሆነ ሌሎቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ተከታዮች ብቻ መሆናቸውን በሦስት ረጃጅም አንቀጾች ካብራራ በኋላ፣ የማይስማማ ካለ ማስረጃውን ይዞ እንዲቀርብ ጋብዞ ጽሑፉን ዘጋ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሥዕሉ የሰጠው መግለጫ ግን ደጋግሞ ያየ ሰው የጻፈው ነበር፦ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአርባ የሚያልፍ ሸራ፤ በላዩ አምስት እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶች፤ መሀል የቆሙት ሁለቱ ፊት ለፊት እያዩን አፍንጫቸው ከጎን እንደሚታይ ሆኖ የተሳለ፤ በቀኝ በኩል ያለችው አንዷ ጀርባዋን ሰጥታን ቁጢጥ ብላ ሳለ ፊቷ ተጠምዝዞ እኛን የሚያይ። አንድን አካል በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ ማሳየት የኩቢዝም ዋና ነገር ከሆነ፣ ሥራው እዚህ ሸራ ላይ ተጠናቋል ባይ ነው።

ምላሽ 1 ምስጋና ብቻ ነው። ምላሽ 2 ሥዕሉ ዛሬ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ክርክሩ በትክክል የተጀመረው በምላሽ 3 ነው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ለቁጥር 2 መልስ ሰጠች፤ ሥዕሉ ከ1939 ጀምሮ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ቀጥላ በትሕትና፣ ግን ምንም ክፍተት ሳትተው፣ ሞንማርትር ላይ ባቶ ላቯር በሚባለው ያረጀ ሕንፃ ውስጥ የተሳለው ይህ ሸራ ለሕዝብ የታየው በ1916 እንደሆነ፣ ስሙንም ያወጣለት ገጣሚው አንድሬ ሳልሞን እንጂ ፒካሶ እንዳልሆነ አስታወሰች። በእነዚያ ዓመታት ሥዕሉን ያዩት ወደ ስቱዲዮው ብቅ ያሉ ወዳጆች፣ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ብዙው ሠዓሊ ያላየው ሥዕል የእንቅስቃሴው ብቸኛ ምንጭ ሊሆን እንዴት ይችላል የሚል ነው የመልእክቷ ፍሬ ሐሳብ።

ምላሽ 4 የሥዕል መምህር መሆኑን በመግለጽ የጀመረ ሰው ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ፖል ሴዛንን መዝለላቸው አሳዝኖታል። ሴዛን በጥቅምት 1906 ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት የፓሪሱ የመጸው ትርዒት ለመታሰቢያው ሃምሳ ስድስት ሥራዎቹን አሳየ፤ በዚያው ሰሞን ለወጣቱ ሠዓሊ ኤሚል ቤርናር የጻፋቸው ደብዳቤዎች በመጽሔት ወጡ። የጠረጴዛው ጠርዝ ከጨርቁ በስተግራና በስተቀኝ በተለያየ ከፍታ የሚወጣበት፣ ፍሬዎቹ ከላይ፣ ሳህኑ ከጎን የሚታይበት አሳሳል ከሴዛን የተወረሰ መሆኑን መምህሩ በሰፊው አብራርቷል። ተፈጥሮን በሲሊንደር፣ በሉልና በሾጣጣ ቅርጽ ስለማየት ሴዛን የሰጠውን ምክርም ጠቅሷል። ምላሽ 5 በዚህ ሁሉ ተስማምቶ፣ ከሦስቱ ቅርጾች መካከል ኩብ አለመኖሩን ብቻ አመልክቶ አለፈ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከረጅሙ ይልቅ በአእምሮ ይቀራል።

ምላሽ 6 ብራክን ወደ መድረኩ ያመጣው ነው። በ1908 በጋ ብራክ ማርሴይ አጠገብ ወዳለችውና ሴዛን ይሥልባት ወደነበረችው ሌስታክ ሄዶ ቤቶቿን ሣለ። ቤቶቹ መስኮት የላቸውም፤ በር የላቸውም፤ ከጀርባቸው ሰማይ እንኳ አይታይም፤ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሸራውን እስከ ላይኛው ጠርዝ ሞልተውታል። ብርሃኑም ከአንድ ፀሐይ የመጣ አይመስልም፤ እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱን ጥላ ይዟል። ሥዕሎቹን ለመጸው ትርዒት ቢልካቸው ሠዓሊው ማቲስ ያለበት የዳኞች ጉባኤ አልቀበልም አለ፤ በኅዳር ወር ጀርመናዊው ነጋዴ ካንቫይለር ቪኞ መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ የሥዕል መሸጫው አሳያቸው፤ ሃያሲው ሉዊ ቮክሴልም ሠዓሊው ሁሉን ነገር ወደ ኩብ እንደለወጠው በጋዜጣ ጻፈ። እንግዲህ እንቅስቃሴው መጠሪያውን ያገኘው ከብራክ ሥዕል እንጂ ከፒካሶ አይደለም ሲል ምላሽ 6 ደመደመ።

የክሩ ባለቤት በምላሽ 7 ተመልሶ መጣ፤ አጸፋውም የዋዛ አልነበረም። ብራክ በ1907 መጨረሻ ገጣሚው አፖሊኔር ወደ ፒካሶ ስቱዲዮ ወስዶት ያንን ትልቅ ሸራ እንዳየ፣ እንደ ደነገጠም፣ ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ አንድ ትልቅ የእርቃን ሥዕል እንደ ጀመረ፣ ፒካሶም በ1909 በጋ ስፔን ውስጥ ኦርታ ደ ኤብሮ በተባለች መንደር የሣላቸው ቤቶች ከሌስታኮቹ የበለጠ የተሰባበሩ መሆናቸውን ዘረዘረ። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ትክክል ነው። ሆኖም አንዱ ያስደነገጠውን ሌላው ሥርዓት ካስያዘው፣ ሥራውን የጀመረው አስደንጋጩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ይህን ነጥብ በቀጥታ የመለሰለት ሰው አለመኖሩ ይገርመኛል።

ምላሽ 8 ነገሩን ከሁለቱ ሰዎች ውጪ ለማውጣት ሞክሯል። የፓሪስ ሕዝብ ኩቢዝም ብሎ ያየው፣ የሳቀበትና የተቆጣበት በ1911 የነፃ ሠዓሊዎች ትርዒት አዳራሽ 41 ውስጥ የተሰቀለውን የሜትዛንዤን፣ የግሌዝን፣ የሌዤን፣ የደሎኔንና የለ ፎኮኒዬን ሥራ ነው። ፒካሶና ብራክ በእነዚያ ትልልቅ ትርዒቶች አልተካፈሉም፤ ካንቫይለር ለሚያውቃቸው ጥቂት ገዢዎች እየሸጠላቸው ዝም ብለው ይሠሩ ነበር። ስለ ኩቢዝም የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1912 ያሳተሙትም ግሌዝና ሜትዛንዤ ናቸው። ትክክለኛ ማሳሰቢያ ነው፤ ግን ተከታይ አላገኘም።

አሁን ወደ ምላሽ 9 እንምጣ፤ ለእኔ የክሩ እምብርት እዚህ ነው። ጸሐፊው የቀዳሚነቱን ጥያቄ ወደ ጎን አድርጎ ስለ እጅ ሙያ ጻፈ። ብራክ ያደገው ላ አቭር በምትባለው የወደብ ከተማ ሲሆን፣ አባቱም አያቱም የቤት ቀለም ቀቢዎች ነበሩ፤ እርሱም የሠለጠነው በዚሁ ሙያ ነው። በሙያው ውስጥ ርካሽ ሰሌዳን ውድ እንጨት ማስመሰል፣ ልስንን እብነ በረድ ማስመሰል፣ ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት ካርቶን የሱቅ ስም መጻፍ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በ1910 እና 1911 የሁለቱ ሠዓሊዎች ሥዕል በቡናማና በግራጫ ቀለም ብቻ እየተሠራ፣ ዕቃው እንደ መስተዋት ስብርባሪ እየደቀቀ ሄዶ ምን እንደተሣለ ለመለየት እስከሚያስቸግር ደርሶ ነበር፤ በኋላ ትንታኔያዊ ኩቢዝም የተባለው ደረጃ ነው። ከዚህ ወዲያ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ጨርሶ ምንም የማይወክል ሥዕል ውስጥ መግባታቸው ነበር። የመመለሻውን መንገድ ያገኘው የቀለም ቀቢው ልጅ ነው ይላል ምላሽ 9።

ማስረጃዎቹን በዝርዝር አስቀምጧቸዋል። በ1910 ቫዮሊንና ማሰሮ ከሣለበት የተሰባበረ ሸራ አናት ላይ ብራክ አንድ ሚስማር ከነጥላው፣ ልክ እውነተኛ መስሎ እንዲታይ አድርጎ ሣለ። በ1911 «ፖርቱጋላዊው» በተባለው ሥዕል ላይ ደግሞ ከጭፈራ ማስታወቂያ የተቀነጨቡ የሚመስሉ የላቲን ፊደላትንና ዋጋ የሚመስል ቁጥር በካርቶን ቅርጽ አተመ። ፊደል ጥልቀት የለውም፤ ሸራው ላይ ለጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከፊደሉ ጀርባ ያለው ጊታር ተጫዋች ወደ ውስጥ ሲርቅ ተመልካቹ የሸራውን ጠፍጣፋነትና የሥዕሉን ጥልቀት በአንድ ጊዜ ያያል። ቀጥሎ የቀለም ቀቢዎቹን እንጨት ማስመሰያ ማበጠሪያ አመጣ፤ ከዚያም በቀለሙ ውስጥ አሸዋ መደባለቅ ጀመረ። በመስከረም 1912 ደቡብ ፈረንሳይ ሶርግ በምትባለው ከተማ ሳለ፣ ፒካሶ ወደ ፓሪስ በሄደበት ሰሞን፣ አቪኞ ከሚገኝ ሱቅ የእንጨት መልክ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት ገዝቶ ቆራርጦ ከከሰል ንድፍ ጋር አጣበቀው። «የፍራፍሬ ሳህንና ብርጭቆ» የተባለው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የወረቀት ልጥፍ ሥዕል ነው፤ ከላይ የተለጠፉት ቁርጥራጮች የቡና ቤቱን ግድግዳ፣ ከታች ያለው የጠረጴዛውን መሳቢያ ሆነው ያገለግላሉ። ቀለሙ ከመስመሩ ተፋታ፤ ንድፉ በአንድ በኩል፣ የእንጨቱ ቀለም በሌላ በኩል ራሳቸውን ችለው ቆሙ። ቅንብራዊ የተባለው ኩቢዝም በዚህ ተጀመረ።

ምላሽ 10 አሜሪካ አገር በቤት ቀለም ሥራ የሚተዳደር ወገናችን ነው፤ ስለ ሥዕል ታሪክ ምንም እንደማያውቅ ይቅርታ ጠይቆ ስለ ማበጠሪያው ግን ሁሉንም ነገረን። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለው ቀለም ይቀባና ይደርቃል፤ በላዩ ጠቆር ያለ፣ በዘይት የቀጠነ ቀለም ይጋባል፤ እርጥብ ሳለ የብረት ወይም የጎማ ማበጠሪያ ከላይ ወደ ታች ይጎተትበታል፤ የእንጨቱ ጉጥ የሚመጣው እጅን በትንሹ ነቅነቅ በማድረግ ነው፤ ከዘገዩ ቀለሙ ይይዛል፣ ከፈጠኑ መስመሩ ይሞላል። አገር ቤት የብረት በር የእንጨት መልክ እንዲይዝ የሚደረገው በዚሁ ዘዴ መሆኑንም ጨመረ። ከቁጥር 9 ጋር ባደረጉት አጭር ምልልስም፣ ብራክ ማበጠሪያውን ለፒካሶ ካስተማረው በኋላ ፒካሶ በ1912 የአንድን ገጣሚ ፀጉርና ጢም በዚያው ማበጠሪያ እንደሠራው ሲነገረው፣ አሠልጣኙ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ተለማማጅ ወይ ይባረራል ወይ ይሾማል ብሎ አሳቀን። ሙያ ያለው ሰው በሙያው ሲናገር ከመስማት የሚበልጥ ነገር እንዲህ ባለ መድረክ ላይ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የውይይቱ ለዛ ተቀየረ። ምላሽ 11 ፒካሶ ከብራክ ቀድሞ በግንቦት 1912 ወንበር ያለበትን ሥዕል እንደ ሠራና የወንበሩን የሸንበቆ ሽመና በብሩሽ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ እንደ ሣለው ጻፈ። ምላሽ 12 በቁጣ መለሰለት። ሽመናው አልተሣለም፤ እውነተኛ ሸንበቆም አይደለም፤ የሽመና መልክ የታተመበት፣ ለጠረጴዛ ልብስ የሚያገለግል በሰም የተለበጠ ጨርቅ ነው፤ በእንቁላል ቅርጽ በተቆረጠው ሸራ ላይ ተለጥፎ ዙሪያውን ወፍራም ገመድ ተደርጎለታል። እውነት የሚመስለው ክፍል በፋብሪካ የታተመ፣ በእጅ የተሣለው ክፍል ደግሞ ምንም የማይመስል መሆኑ የሥራው ቁም ነገር ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቁ ማድነቅ ከማፌዝ አይለይም ሲል አክሎበታል። ይዘቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር 11 በተሳሳተው ዝርዝር ውስጥ አንድ እውነት ይዞ እንደነበር አላስተዋለም። ጨርቁ ከብራክ የግድግዳ ወረቀት በወራት ይቀድማል።

ምላሽ 13 ኩቢዝም የመጣው ከአንስታይን ነው፤ በ1905 ጊዜና ቦታ ሲገናኙ ሠዓሊዎቹ ወዲያው ተረዱት አለ። ምላሽ 14 ጭራሽ ጨከነ። በዚያን ዘመን የፓሪስ ሠዓሊዎች የአንስታይንን ስም ሰምተው እንደማያውቁ፣ ስሙ በዓለም የተናኘው ከ1919ኙ የፀሐይ ግርዶሽ ምልከታ በኋላ መሆኑን፣ በሠዓሊዎቹ ቡና ቤት ስለ አራተኛ ልኬት የሚወራው ወሬ ከሒሳብ ሊቁ ከአንሪ ፖንካሬ ጂኦሜትሪ የተቀዳና ሞሪስ ፕሬንሴ በተባለው የኢንሹራንስ ሒሳብ ባለሙያ በኩል የደረሰ መሆኑን ከዘረዘረ በኋላ፣ ቁጥር 13 ከመጻፉ በፊት ማንበብ እንዲጀምር መከረው። ምላሽ 15 የአወያዩ ነው፤ ሰውን ትቶ በሐሳብ መከራከር እንደሚገባ በሁለት ዐረፍተ ነገር አሳሰበ። ቁጥር 13 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 16 በተረጋጋ ቋንቋ ከባዱን ነገር አነሣ። እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ አውሮፓውያን ናቸው፤ ሆኖም ፒካሶ በ1907 በፓሪስ ትሮካዴሮ የነበረውን የብሔረሰቦች ሙዚየም ጎብኝቶ የአፍሪካን ጭምብሎች አይቷል፤ በ«የአቪኞ ሴቶች» ሸራ በቀኝ በኩል ያሉት የሁለቱ ሴቶች ፊትም ጭምብል ይመስላል። ጭምብሎቹን የቀረጹት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልተያዘም። ምላሽ 17 ፒካሶ ራሱ ይህን ተጽዕኖ ክዶ የጠቀሰው የጥንት የስፔን ሰዎችን ቅርጾች መሆኑን በማስታወስ ተቃወመና ሳያስበው ሌላ ታሪክ ውስጥ ገባ። ከሉቭር ሙዚየም የተሰረቁ ሁለት የጥንት የስፔን የድንጋይ ራሶች ፒካሶ እጅ እንደገቡ፣ በ1911 ሞና ሊዛ ስትሰረቅ የዚህ ወሬ ወጥቶ አፖሊኔር ለቀናት እንደ ታሰረ በሰፊው ተረከልን። ታሪኩ አስደሳች ነው፤ ለክርክሩ የሚያበረክተው ግን እምብዛም ነው።

ወደ ነገሩ የመለሰን ምላሽ 18 ነው። ስለ ፊት መመሳሰል መጨቃጨቁን ትቶ፣ ተጽዕኖው የሚታየው በአሠራሩ ላይ መሆኑን አስረዳ። በነሐሴ 1912 ፒካሶና ብራክ ማርሴይ ወርደው የአፍሪካ ጭምብሎችን ገዙ። ፒካሶ ዘንድ የነበረው የምዕራብ አፍሪካው የግሬቦ ሕዝብ ጭምብል ዓይኖቹ ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ሳይሆኑ እንደ ቱቦ ወደ ፊት የወጡ ናቸው። በዚያው ዓመት መጸው ፒካሶ ከካርቶን ጊታር ሲሠራ፣ በእውነተኛው ጊታር ክፍት የሆነውን የድምፅ ቀዳዳ ወደ ፊት በወጣ ቱቦ ተካው። ጉድጓድ በጉብታ ሊወከል እንደሚችል፣ ምልክት የሚወክለውን ነገር መምሰል እንደማይጠበቅበት ያስተማረው ጭምብሉ ነው፤ ይህን ግንኙነት በጽሑፍ ያመለከተውም ካንቫይለር ራሱ ነው። ቁጥር 17 ይህን ካነበበ በኋላ አመስግኖ ዝም አለ።

ምላሽ 19 በጉጉት ተነሥቶ የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አመጣ። በእኛ ሥርዓት ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ፒካሶ ሁለቱን ያደባለቀው ከጎንደር ሥዕሎች ፓሪስ ውስጥ አይቶ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ነው። ምላሽ 20 ይህን በጨዋነት ውድቅ አደረገው። የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፓሪስ የደረሱት ፈረንሳዊው የብሔረሰቦች ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው ቡድን ከግድግዳው ካነሣቸው በኋላ፣ በ1933 ነው፤ ኩቢዝም ከተጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የዓይን ቁጥር በጎውን ከክፉ ለመለየት የቆመ ሥርዓት መሆኑና የኩቢስቶቹ ጥያቄ ይህ አለመሆኑም ተነግሮታል።

ምላሽ 21 ግን ትክክለኛው ግንኙነት በሌላ በኩል መኖሩን አሳየ፤ እኔም ያላሰብኩት ነበር። የዚያ ጉዞ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ ያገባው ከካንቫይለር ሚስት ቤተሰብ የሆነችውን ሉዊዝን ነው፤ ካንቫይለር አይሁዳዊ በመሆኑ በጀርመን ወረራ ጊዜ ንግዱ ሊወረስ ሲል በ1941 የተዛወረውም በእርሷ ስም ነው። በተነሡት ሥዕሎች ቦታ ጎንደር ላይ ቅጂ የሣለው ጋስቶን ሉዊ ሩም በካንቫይለር ቤት ሥራውን ያሳይ የነበረ ሠዓሊ ነው። ኩቢዝምን ለዓለም የሸጠው ቤት ሰዎች የእኛን ግድግዳ ካራቆተው ጉዞ ጋር እንዲህ የተሳሰሩ መሆናቸው ራሱን የቻለ ክር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ አወያዩም እንዲከፈት ጠይቋል።

የክሩ ባለቤት በምላሽ 22 ዳግም ብቅ ብሎ፣ አቋሙን ሳይለቅ ጠባብ አደረገው። የእጅ ሙያው የብራክ መሆኑን አምኖ፣ ድፍረቱ ግን የፒካሶ ነው አለ። ምላሽ 23 እዚህ ላይ የሁለቱን ስምምነት አስታወሰው። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱ በሸራው ፊት ላይ አይፈርሙም ነበር፤ ፊርማቸውን ከጀርባ ያደርጉ ነበር፤ በ1911 በጋ ደቡብ ፈረንሳይ ሴሬ በምትባለው ከተማ ጎን ለጎን ሆነው የሣሏቸውን ሥዕሎች ለመለየት የለመደ ዓይን ይጠይቃል። ይህን የለያየው ጦርነቱ ነው። ብራክ በነሐሴ 1914 ዘመተ፤ በግንቦት 1915 ጭንቅላቱን ቆስሎ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ታከመ። ካንቫይለር ጀርመናዊ ስለነበር የፈረንሳይ መንግሥት በመጋዘኑ ያለውን ሥዕል በሙሉ ወረሰና ከ1921 እስከ 1923 በአራት ዙር ሐራጅ ሸጠው። በአንድ ጊዜ ገበያው ላይ ብዙ ሥዕል በመፍሰሱ ዋጋው ወደቀ፤ በመጀመሪያው ሐራጅ ብራክ የሽያጩ ባለሙያ በነበረው ነጋዴ በሊዮንስ ሮዘንበርግ ላይ በቡጢ ተነሣበት። የኩቢዝም ቀዳሚነት ለፒካሶ ብቻ መሰጠቱ ከሥዕሉ ይልቅ ከዚህ በኋላ ከመጣው ዝናና ገበያ ጋር ይያያዛል የሚለው የቁጥር 23 አስተያየት ነው፤ እኔም ወደዚሁ አዘነብላለሁ።

ምላሽ 24 ስዊዘርላንድ የምትኖር እኅታችን ናት። ከእነዚያ ሐራጆች ብዙ የገዛው ራውል ላ ሮሽ የተባለ የስዊስ የባንክ ሰው እንደነበር፣ «ፖርቱጋላዊው»ንና ሚስማር ያለበትን ሥዕል ጨምሮ ስብስቡን በ1952 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለባዝል ከተማ ሙዚየም እንደ ሰጠ ገለጸች። በማበጠሪያ የተበጠረው ገጣሚም እዚያው እንዳለ ጠቅሳ፣ ቁጥር 10 በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሥራውን በሙያው ዓይን አይቶ እንዲነግረን ጠየቀችው። እርሱም እስካሁን አልመለሰላትም።